ስለ አራቱ ልሙጥ ጎማዎችና ስለ ጋሼ ወልደማርያም አንገት

ለክቡር የጣሊያን ካፒቴን፣ የሸዋ ሮቢትና የአካባቢዋ ገዢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? መኪናዎ ሮቢ ወንዝ ውስጥ ከገባች ወዲህ ወገብዎን እንዳመመዎ ሰምተን እጅግ ተጨንቀናል። አላህ ይማርዎ፤ ገዢ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሰው ሲሰቅል ማየት ለእኛም አያምርም። እኔ የካሚዮን ጎማ ለጣፊው አብዱልወሃብ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በጥፊ የመቱኝ ጆሮዬ ብቻ እስካሁን ይጮኻል። ይህን ወረቀት በገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍኩት፣ አስተርጓሚዎ ለብቻዎ ሲያነብልዎ ቃሌን እንዳያለዝብብኝ፣ ሕዝቡም አብሮ እንዲሰማ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጎማ ምርጫዎ ላመስግንዎ። ያቺ ቀይ የእሽቅድድም መኪናዎ ጎማዋን ስትጨርስ፣ ምን ዓይነት ይሻላል ብለው አስጠሩኝ። መንገዱ ድንጋይና የግራር እሾህ፣ የወንዙ ዳር አሸዋ ስለሆነ፣ ወፍራምና ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ያስመጡ፣ ፍጥነቷ ቢቀንስም ነፍስዎ ትተርፋለች አልኩዎ። እርስዎ ግን በአገርዎ ለአስፋልት ውድድር የሚሠሩትን፣ እንደ እንቁላል የለሰለሱትን መረጡ፤ ለእኔም ያን ጥፊ ሰጡኝ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በእርስዎ ቋንቋ እንደሌለ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጎማዎቹ ሲመጡ የግምጃ ቤትዎን ዘበኛ፣ የቀወቱን ሽማግሌ ጋሼ ወልደማርያምን፣ ፀሐይ ቢሰነጥቃቸው ወዮልህ ብለው አስጠነቀቋቸው። በእኛ አገር ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው የሚፈለግ ነገር፣ ኮርቻም ሆነ ጠፍር፣ ቅቤ ይጠጣል። ሽማግሌውም ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ለጠጉራቸው ያስቀመጡትን ቅቤ እየለመኑ፣ ወር ሙሉ ጎማዎን ሲያሹ ከረሙ። ቅቤ ለጎማ ጠላቱ እንደሆነ ቢጠይቁኝ በነገርኳቸው ነበር፤ አልጠየቁኝም። ስህተት ነው፣ እሺ! ግን ተንኮል ነው? ጎማዎን ሊያጠፋ የፈለገ ሰው ጩቤ አያጣም፤ የሚስቱን ቅቤ ምን አስጨረሰው?

ሦስተኛ፣ በዚያ ልሙጥ ጎማ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ቀስ ይበሉ እየተባሉ እንደዚያ በረሩና ተንሸራተው ወንዝ ገቡ። ከአሸዋው ሲወጡም፣ ጎማዬን ሆን ብሎ በቅቤ አበላሸ ብለው ሽማግሌውን አሰሩ፤ ቅዳሜ በገበያ መሐል ይሰቀሉ ብለውም ፈረዱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ጎማውን የመረጠው ማን ነው? መሪውን የጨበጠውስ? ኧረ ይፈሩ! ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ። እትዬ በላይነሽ ለባላቸው የሚቋጥሩትን ምሳ ዘበኞችዎ በልተው ባዶ አገልግል ስለሚመልሱላቸውም፣ ላስተማሯቸው ጨዋነት ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አራተኛ፣ መኪናዎን ከአሸዋው የሚጎትት አሥር ጥማድ በሬ ነገ ጠዋት ይቅረብ ብለዋል። በሬ ያለው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ትናንት ተሰብስቦ በየሃይማኖቱ ምሏል፤ ጋሼ ወልደማርያም በእግራቸው ሄደው ቤታቸው እስኪገቡ አንድ ቀንበር አይነሣም። በሬዎቹን ፈልጌ በግድ ላስመጣ ካሉም አይድከሙ፤ ቆላው ሰፊ ነው፣ እርስዎም ጎማ የለዎትም።

ለወገብዎ ምሕረት፣ ለልብዎ ትንሽ ፍርሃት እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከፊትዎ ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ፤
ምክሩ ያልተሰማለት አገልጋይዎ፣
አብዱልወሃብ ጎማ ለጣፊው
ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ የታየኝ፦ ደጋው ጥቁር ብሏል። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ የላዩ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሮቢን ይሞላዋል፤ እንኳን ቀይ መኪና፣ ከነጭነቱ ግመል ይዞ ይሄዳል። ደራሹ በስንት ሰዓት እንደሚገባ የወንዙን ዳር አይተው የሚናገሩ በአገሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ሄደው ይጠይቋቸው፤ የእስር ቤቱ ቁልፍ በእጅዎ ነው።