ባለቤቴንም፣ ካርዱንም

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

የባለቤቴን ሸሚዞች ተኮስኩ። ሰማያዊውን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። ኮሌታው ያው ኮሌታ ነው... አንገቱ ነው የቀጠነው። መቼ ቀጠነ? በየቀኑ እያየሁት እንዴት አላየሁም?

“አራሚዋ፣ እስቲ ይህን ኮሌታ አርሚልኝ” አለኝ። ማተሚያ ቤት የሰው ስሕተት ስለቅም ስለኖርኩ ያወጣልኝ ስም ነው።

ከሰዓት በኋላ የምርመራውን ውጤት ሊነግሩን ሆስፒታል ጠሩን። ጨጓራው ላይ ያለው ካንሰር ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን እንጂ እኛን አያይም። የሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል ወረፋ ሰኔ ላይ ደርሷል። “እስከ ሰኔ አትጠብቁ” አለ። “የመንግሥት የጤና መድን ካርድ የሚቀበል የካንሰር ሐኪም ውጭ ፈልጉ።”

“የት?”

“ፈልጉ...”

ከኪሳችን እንክፈል እንዳንል፣ የእኔ ከማተሚያ ቤት፣ የእሱ ከአውቶቡስ ሹፌርነት የቀረ የጡረተኛ ኪስ ነው። ማታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጉሙ መንገዱን ሲበላ ሲያይ አመሸ።

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ስልክ ስደውል ዋልኩ።

“ድሮ እንቀበል ነበር።” “እሱን ሐኪሙ ናቸው የሚያውቁት።” ሐኪሙስ? “የሉም።” አንዱ ቤት ጠብቂ ብሎ ሙዚቃ ከፈተልኝ። ውኃ ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል። ሰማሁ፣ ሰማሁ... ለምን እንደደወልኩም ረሳሁ። ደስ አለኝ ለትንሽ ጊዜ። አፈርኩ።

“ካርድ ትቀበላላችሁ?” ስል ሌላዋ፣ “የስልክ ካርድ የለንም እማማ፣ ከታች ሱቁ ጋ ይጠይቁ” አለችኝ። እሱ ከወንበሩ ሰምቶ እስኪያስለው ሳቀ።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ዛሬም ማንም አልተቀበለን። ጉሙም አልተነሣ።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ከምሳ በኋላ ጋደም አለ። ከመጋረጃው የገባው ብርሃን ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነባለሁ... ገጹን አልገለጥኩትም። በእንቅልፍ ልቡ፣ “ወራጅ አለ?” አለ። ጥርት ባለ ድምፅ። የሥራ ድምፁ።

ዝም ልበል? አልቻልኩም።

“የለም፣ ንዳው” አልኩት።

ትንፋሹ ተስተካከለ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ተገኘ! አንዲት ልጅ፣ “እንቀበላለን እማማ፣ ምን ችግር አለ? ዓርብ ይምጡ” አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መዘጋቱን እንደገና አየሁ። ጫማውን ወለወልኩለት። ዓርብ ገና ነው፣ ምን አስቸኮለኝ?

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ለእሱ ተውኩለት። ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ በየመታጠፊያው ፍሬን ይይዛል።

“የሚነዳው ልጁ ነው፣ አንተ አይደለህም” አልኩት።

“ልጁ አያውቅበትማ!”

ጉሙ ውስጥ ሕንጻዎቹ ይንሳፈፋሉ። የምንሄደው እኛ እንሁን እነሱ አልለይ አለኝ። ቢሆንስ እንዲሁ ብንሄድ፣ ሳንደርስ...

ደረስን። ነጭ ክሊኒክ፣ የሚያሰምጥ ወንበር። እንግዳ ተቀባይዋ ካርዱን አየችና በሁለት ጣቷ መለሰችልኝ።

“ይህን አንቀበልም እማማ።”

“በስልክ እንቀበላለን ብለሽኛል!”

“ምን ብለው ነበር የጠየቁኝ?”

ምን ብዬ ነበር? “ባለቤቴ የጨጓራ ካንሰር አለበት፤ ትቀበሉታላችሁ?” ያን ሁሉ ቤት ስለማመጥ ውዬ አንደበቴ ዝሎ... ካርዱን አላነሣሁም።

“እሳቸውንማ እንቀበላለን” አለች። “ካርዱን ነው እንጂ።”

እኔ! ባለቤትና ተሳቢ ያምታታ ልጅ በማስመሪያ ጠርዝ ጣቱን ከሚመታበት ትምህርት ቤት የወጣሁት! ተመልሼ አጠገቡ ሰመጥኩና በሹክሹክታ ነገርኩት። “ስሕተቱ የእኔ ነው። በዓረፍተ ነገሬ ውስጥ ተሳቢው አንተ ብቻ ነበርክ፤ ካርዱ የለበትም።”

“ተሳቢ? እኔ አውቶቡስ ነዳሁ እንጂ ተሳቢ ሆኜ አላውቅም!” ሳቀ። “አራሚዋ ተሳሳተች! ይህን ቀን ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ነበር እኮ።” ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ሆዱን ያዘ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

እስኪያልፍለት እጁን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ተነሣሁ። ወደ በሩ አይደለም። ቃሎቼን አንድ በአንድ አሰናድቼ፦

“ልጄ፣ እዚህ ከሚሠሩት የካንሰር ሐኪሞች መካከል፣ ሌላ ቦታ ሲሠሩ ይህን ካርድ የሚቀበሉ አሉ?”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“አሉ” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “አንዷ ዶክተራችን ሐሙስ ሐሙስ ወንዙ ማዶ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ናቸው። እዚያ በካርዱ ያያሉ። ለሆስፒታሉ አዲስ ስለሆኑ ገና ወረፋ አልበዛባቸውም።”

“ታዲያ ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቁኝማ፣ እማማ!”

እውነቷን ነው።

ጥቅምት 22፣ ሐሙስ

የድሮ ሆስፒታል ነው። ኮሪደሩ ረጅም፣ ጫፉ ላይ አንድ መስኮት... ብርሃኑ ከወለሉ ላይ የሚነሣ ይመስላል። እጄን ይዞ ተራመደ። በአደባባይ እጄን ከያዘ ስንት ዘመኑ!

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። የምርመራ ፎቶዎቹን ቀስ ብላ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ እሱ።

“አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት?”

“እኔ ብትዋሺኝም ግድ የለኝ። እሷ ግን ታርምሻለች።”

ፈገግ አለች፣ ግን እውነቱን አልሸሸችም። “አጠፋዋለሁ አልልም። ጊዜው አልፏል። ላዘገየው ግን እችላለሁ። ምናልባት ብዙ።”

“ማዘግየት?” አለ እሱ። “እሱማ የኔ ሙያ አይደል? ሕዝቡ ዕድሜ ልኬን የሰደበኝ በምን ሆነና!”

ዶክተሯ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ነገር ቀርቶኛል።

“ካርዱንስ?” አልኳት።

“እሳቸውንም ካርዱንም እንቀበላለን።”

ምንም ያልጎደለው ዓረፍተ ነገር።

ኮሪደሩ ላይ፣ ለግድግዳው ፊቴን ሰጥቼ የተለጠፈ ነገር የማነብ መሰልኩ። ስለ እጅ መታጠብ ነው። ስሕተት ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ፊደሎቹ ዋኙብኝ።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

መድኃኒቱ በክንዱ ሲንጠባጠብ ዋለ። ቅንድቡ ሳስቷል። ዛሬ ግን ሾርባውን ጨረሰ፣ ከነርሷ ጋር ቀለደ።

ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ፌርማታው ላይ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለው። ተኛ። ሕመሙ ከጀመረው ወዲህ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቼበት አላውቅም... አፉ በትንሹ ተከፍቶ፣ እንደ ልጅ። ሰዎች ያልፋሉ። የእግራቸው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ።

“እማማ፣ አትገቡም?” አለ ሹፌሩ።

“ሂድ ልጄ።”

“የሚቀጥለው ይቆያል እኮ!”

“ይቆይ።”

ሊናገር ነበር። ትከሻዬ ላይ ያለውን ራስ አየ መሰለኝ... በሩን ዘጋና፣ ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ቀስ ብሎ ሄደ።