በቢሮ የተነገረ መርዶ

አሰላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትንሳኤ ልጄ፣ የሆዴ ፍሬ፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ እንዴት እንደሰነበትሽ አውቃለሁ። ለወንድምሽ ለወንደሰን ሁሉንም ነግረሽው የእኔን ስልክ ግን አላነሳ ስላልሽ ጻፍኩልሽ፤ እሱ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። እኛ ብርዱ ጠናብን እንጂ አለን። ገብሱም እየታጨደ ነው። ጎረቤታችን ፋጡ ያደረጉሽን ሰምታ ከእኔ እኩል አለቀሰች።

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ንዴቱ ነው። ያቺ የስደተኛ ቢሮው አስተርጓሚ ቃልሽን ከመስጠትሽ በፊት ደውላ፣ አንቱ እያለች፣ «የትንሳኤ እናት ነዎት? ባለቤትዎ አሉ?» ስትለኝ የአገሬ ልጅ ናት ብዬ አመንኳት።

«አባቷ ነሐሴ ላይ አርፏል፤ እሷ ግን አልሰማችም። ብቻዋን ናት፤ ሰው ሰብስበን እስክናረዳት አደራሽን» አልኳት።

«እሺ እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለችኝ። አደራዬን የት ጣለችው?

ቃልሽን ስትሰጪ «አባቴ አለ» ብትይ፣ ያ የሚጠይቅሽ ሹም «ሞቷል፤ ዋሽተሻል» አለሽ። በእኛ አገር ጠላት እንኳ መርዶ ሲነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦት ነው። አንቺን ማን ደገፈሽ? ሰውየው እንደሆን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ አሉ።

ይባስ ብለው በዚሁ ውሸታም ናት ብለው ማመልከቻሽን ጣሉት። «አባዬን አቅርቡልኝ» ባልሽ ቁጥር «ተኝቷል»፣ «ጠበል ሄዷል» ያልንሽ እኛ ነን። ሰው አገር ልጅ ያለው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ያን ሁሉ ሐበሻ ሲጠይቁ ኖረው ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ጠፋ?

ወንደሰን «ስደተኛው በዝቶባቸው ነው፤ ዱሮ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙትን አሁን በአንድ ሰዓት ጨርሱ ተብለዋል» ይላል። ቢበዛስ? ገብስ በዛ ተብሎ ሰው ይጨመርበታል እንጂ ሳይበጠር ከነገለባው ይደፋል? እዚህ ተፈናቃይ የመጣብን ጊዜ ፋጡ ሳሎኗን ለቀቀች እንጂ በዛችሁብኝ ብላ በር አልዘጋችም።

አሁን ጠበቃሽ ለይግባኙ የአባትሽ አሟሟት ከቤተሰብ ይጻፍልኝ ብሏል አሉ። ወንደሰን ደም ግፊት ነው ያለሽ እኔ እንዲያ በል ስላልኩት ነው። እሱንም መርዶ አብሮሽ የሚያለቅስ ሲኖር ልነግርሽ ነበር። ቢሮው ሞተ ወይ አለ እንጂ እንዴት ሞተ አላለም፤ እኔ ግን እነግርሻለሁ፣ አንቺም አንድ ቃል ሳትቀንሺ አስተርጉሚላቸው።

ጤና ጣቢያ ሳለሽ ያን የቆሰለ ልጅ አከምሽ ብለው የዛቱብሽ ባለመሣሪያዎች አንቺ ከአገር ከወጣሽ በኋላ ተመልሰው መጡ። «ነርሷ የት ናት?» አሉት አባትሽን። የት እንዳለሽ ያውቅ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ነው በስልክ ያወራችሁት።

«እናንተ የማትደርሱበት» አላቸው።

በሰደፍ መቱት። ሆስፒታል አደረስነው፤ አልተነሳም። ልጄ፣ የገደሉት እነሱ ናቸው፤ አንቺ አይደለሽም። ይኸው ቢሮው ደግሞ እነሱ ወደሚደርሱበት ልመልስሽ ይላል።

ለቅሶሽ ገና አልወጣም። እሁድ እዚህ ደጃችን ላይ እንደ አዲስ ድንኳን እናስጥላለን፤ አንቺም እዚያ ያሉትን ሐበሾች ጠርተሽ ፍራሽ ላይ ተቀመጪ። ያኔ ደውዪልኝ፤ አብረን እናልቅስ።

እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደም፤ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ፊት ታቁምሽ።

እናትሽ ማሚቱ