ሁለት ሥራ የሚሠራው ጄት

ሐሙስ
ሊያገባኝ ስለሚፈልገው ስለ ናሆም ለአባዬ የነገርኩት «ፓይለት ነው» ብዬ ብቻ ነበር። የሚያበረው ተዋጊ ጄት መሆኑን ዛሬ ከአክስቴ ሰማ። ጉድ ፈላ ብዬ ስጠብቅ፣ ሳይቆጣ «ጄቱ ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! የናሆም ሽማግሌዎች እሑድ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ እስከዚያ አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት።
እማዬ ልጅ እያለች፣ በጦርነት ጊዜ፣ ከጄት ሸሽታ ዋሻ ውስጥ ትውል ነበር። ዛሬም አውሮፕላን ሲያልፍ ከመስኮት ትርቃለች።

ዓርብ
ሱቅ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኬ ላይ ሳነብ ዋልኩ። ጄቱ መጀመሪያ የተሠራው ሰማይ ላይ ከሌላ ጄት ጋር ብቻ እንዲዋጋ ነው። እሰይ! ለእማዬ ጠባቂ ነው እላታለሁ ብዬ ተደሰትኩ። ወረድ ስል ደግሞ፣ በኋላ ራዳሩን አሻሻሉለት፣ ክንፉ ሥር ቦምብ እንዲሸከም አደረጉት፣ አሁን በአንድ በረራ ሁለቱንም ይሠራል ይላል። አብራሪው ቁልፍ ተጭኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይራል። አንድ ቁልፍ! ታዲያ እኔ የማገባው የቱን ነው?

ቅዳሜ
ናሆም ጋ ደወልኩ። አንተ የቱን ነው የምትሠራው? ሳቀ። «የታዘዝኩትን» አለ።
እወደዋለሁ። ችግሩም እሱ ነው።
ለአባዬ የሰማዩን ብቻ ነገርኩት። ፈሪ ነኝ።

እሑድ
ሽማግሌዎቹ እኛ ሰፈር፣ ታቦር ድረስ በባጃጅ መጡ። እንደ ወጉ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። የናሆም አጎት ጋሽ ተካ ልጃቸውን ከፍ ለማድረግ ብለው «የእኛ ልጅ ጄት እንደ ሌላው ባለ አንድ ሙያ አይደለም፤ ሰማይ ላይም ይዋጋል፣ ምድርም ይመታል!» አሉ። ወይ ጉዴ!
እማዬ ቀስ ብላ «ምድር ላይ ያለነው እኮ እኛ ነን፣ ጋሽ ተካ» አለች። ሁሉም አቀረቀሩ። አባዬ «ተመካክረን እናሳውቃችሁ» ብሎ ሸኛቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ግማሹን እንደደበቅኩት ገብቶታል።

ሰኞ
ሱቅ ልሄድ ስል እማዬ ጠራችኝ። ትወጂዋለሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት፤ እንባዬ መጣ። የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። «እንግዲያው ራሱ ይምጣና ያናግረኝ። ግን በሚኒባስ ይምጣ፤ ከሰማይ የሚመጣ አማች አልለመድኩም።»
እሺ ማለቷ ነው እምቢ? አባዬን ብጠይቀው እሱም አልገባውም።
ለናሆም እንዳለ ነገርኩት። እሱም እንደ ልጅ «ምን ልበላት?» አለኝ።
«መጀመሪያ ሚኒባስ ያዝ» አልኩት።