ለውቢት ያነበብኩት

ጥር 14

ሳህኑ ታጥቧል፣ ከተማው በቀትሩ ሙቀት በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ አሠሪዬ ማዳም ናዒማም ተኝታለች። እኔ ቬንቲላተሩ ሥር ከመጽሐፌ ጋር። ሹፌሩ ጉታ ከድሬዳዋ ሲወርድ ሦስት አምጥቶልኛል፤ ሁለት ልቦለድ፣ አንድ የክራር መማሪያ። "ፀዳል፣ ከጫንኩት ቡና ያንቺ ወረቀት ከበደኝ" ይለኛል።

ስለ ልጃገረድ የተጻፈ ከሆነ ምንም ይሁን አነባለሁ። ልጄ ውቢት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ለእህቴ ትቻት ወደዚህ የሰው አገር ለሥራ ስመጣ አምስት ነበረች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን እንደምታስብ ከየት ልወቅ?

ጥር 29

በየሳምንቱ ያነበብኩትን በድምፅ ቀድቼ እልክላታለሁ። መልሷ "እሺ"። አንዳንዴ እሺም የለም። እህቴ "ዕድሜዋ ነው፣ ተያት" አለችኝ። ልተዋት? ስምንት ዓመት ትቻት የለ…

የካቲት 20

ውቢት የትምህርት ቤቷ ሙዚቃ ክበብ ገብታለች። ክራር። እኔም ቅኝት ላጠና ተነሳሁ። ማዳም የፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት፣ የሊሴ፣ አስተማሪ ናት፤ ስለ ሙዚቃ የተጻፈ ወፍራም የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ከመደርደሪያዋ አወረደችልኝ። ስኳር ላይ እጇ ይጠብቃል፣ መጽሐፍ ላይ ግን ቸር ናት። ግማሹ አልገባኝም።

ውቢትን "ባቲ ቅኝት ጀመራችሁ?" አልኳት።

"አስተማሪ አለኝ እኮ።"

ወደ ሳህኔ ተመለስኩ።

መጋቢት 17

ልቦለዱ ላይ ልጅቷ መድረክ ወጥታ ትዘፍናለች። ዘጋሁት። ድሬዳዋ፣ ሠፈሬ ከዚራ፣ የዛፎቹ ጥላ፣ የሙዚቃ ክበባችን አዳራሽ፣ እኔ ስዘፍን ዝም የሚለው ሰው… ያኔ ድምፅ ነበረኝ። ናፈቀኝ። ድምፁም፣ ያቺ ልጅም።

መጋቢት 18

ዛሬም ከዚራ።

ሚያዝያ 6

መጽሐፍ ሳልይዝ ቀዳሁላት። አንዲት ልጅ ነበረች አልኩ። ዘፋኝ መሆን ትፈልጋለች። የወላጆች በዓል ቀን ልትዘፍን ስትል ቀሚሷ ላይ ደም አየች። ማንም ምንም ነግሯት አያውቅም፣ የምትሞት መሰላት። በጓሮ በር ሮጠች፣ ሁለተኛ ወደ ሙዚቃ ክበቧ አልተመለሰችም።

ላክሁት። ምን ነካኝ? ሩዙን አሳረርኩ።

ሚያዝያ 8

ውቢት ደወለች። ራሷ! ማዳም ከቀትር እንቅልፏ እንዳትነቃ በረንዳ ወጥቼ አነሳሁት። ወለሉ እግር ያቃጥላል።

"የዚህኛው መጽሐፍ ርዕስ ምንድን ነው?"

"መጽሐፍ አይደለም። እኔ ነኝ።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"እኔም… በጥምቀት ሰሞን" አለች። "ለአክስቴ አልነገርኳትም። አሮጌ ካልሲ አጥፌ ነው የማደርገው።"

ሦስት ወር። ልጄ ሦስት ወር ብቻዋን። እኔ እዚህ የሌላ ሰው ልጆችን ታሪክ አገላብጣለሁ። እንዳትሰማኝ አፌን ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉን ነገርኳት፤ ምን እንደምትገዛ፣ ሆዷን ሲቆርጣት ምን እንደምታደርግ፣ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ። ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። አንዴ ሳቀችብኝም።

ልትዘጋ ስትል፣ "እማ፣ ክበቡን በዚሁ ምክንያት ትቼው ነበር" አለች። "ሰኞ እመለሳለሁ።"