ኢተፋን ያለፈው ሳህን

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ጠዋት ጎመኑን አጠጣሁ። አጥሩን ጠጋገንሁ። ረፋዱ ላይ የጉባኤው ደብዳቤ ደረሰኝ።

የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ አጥቢያዎቻችን ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 12 ሱሉልታ ላይ ይቀመጣል። አጀንዳው አንድ ነው። ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያናችን ከጮራ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ጋር መደበኛ ግንኙነት ትመሥርት ወይስ አትመሥርት? ከተመሠረተ የእነርሱ ምእመናን ወደ ጌታ እራት ማዕዳችን ይቀርባሉ፤ የእኛም ወደ እነርሱ። የአንዱ መሸኛ ደብዳቤ በሌላው ዘንድ ይጸናል። የጥናቱን ሪፖርት እንድጽፍ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። "በትምህርተ መለኮት ካለዎት ጥልቅ ዕውቀት የተነሣ" ይላል ደብዳቤው።

መጋቢ ተድላ ደወለ። "ጋሽ ዱባለ፣ አደራዎን፣ ሪፖርቱ ከእምነት መግለጫችን እንዳይረዝም" ብሎ ሳቀ። ወጣት ነው። ቡራዩ ከመጣ ገና አራት ዓመቱ። ግንኙነቱን ይደግፋል፤ እኔ እንደማልደግፍም ያውቃል። ለምን እንደማልደግፍ ግን… እሱን አያውቅም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

የጥምቀቱን ክፍል ትናንት ጀመርሁ። ጮራዎች ሕፃናትን አያጠምቁም። በሕፃንነቱ የተጠመቀ ወደ እነርሱ ሲሄድም እንዳልተጠመቀ ቈጥረው ዳግም ያጠምቁታል። በአንድ ቀን ዐሥር ገጽ ጻፍሁ። ብዕሬ እንዲህ ሮጦ አያውቅም።

ዛሬ በጸሎት መካከል ከኋላዬ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሰማሁ። ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረዥም። ኢተፋ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ሙታን እንደማይመለሱ ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። ዛሬም አምናለሁ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ዛሬም ሰማሁት። ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ኢተፋ ታላቅ ወንድሜ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ፊደል ያስቈጠረኝ እሱ ነው። ወርቅቱን አግብቶ ሰበታ ገባ፤ እሷ የጮራ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። በአርባ ዓመቱ እነርሱ ዘንድ ዳግም ተጠመቀ። አባታችን ሁለታችንንም በየተራ አቅፎ አስጠምቆን ነበር። ያን ጥምቀት ኢተፋ እንዳልነበረ ቈጠረው… ወይም እንደዚያ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አላነጋገርሁትም። ስለ ትምህርት ነው የተለያየነው እል ነበር።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ፣ አንድ እሑድ ሳይነግረኝ ቡራዩ መጣ። ልጁን ፌኔትን ይዞ። ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። የጌታ እራት የሚወሰድበት ቀን ነበር። ኅብስቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌው ሳህኑን ይዞ በየረድፉ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ሰው ከሳህኑ ያነሣል።

ኢተፋ ጋ ደረስሁ። እጁን ዘረጋ። ሳህኑን ከፍ አደረግሁና በትከሻው ላይ አሳልፌ አጠገቡ ላለው ሰው ሰጠሁ።

እጁ ጥቂት አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ልጅቱ ፊቴን ታይ ነበር።

በዚያው ክረምት ታመመ። በነሐሴ ዐረፈ። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆምሁ። ሥርዓት ነው፣ አልሁ ለራሴ። ከእኛ ጋር ግንኙነት ከሌላት ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ማዕዳችንን አይካፈልም። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ጭንቅላቴ ሲከብደኝ ወደ ገፈርሳ በእግሬ ወጣሁ። በባሕር ዛፉ መካከል አንድ ሰው ከፊቴ ይሄዳል። ቡናማ ኮት፣ ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ። ርምጃዬን አፈጠንሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥሁ ማለት ይቻላል። ሰውየው ዘወር አለ። ወጣት ነው። "አካም ቡልተኒ፣ አባባ፤ ደህና ነዎት?" አለኝ። ደህና ነኝ አልሁት።

ደርሼበት ቢሆን ምን ልለው ነበር?

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ሪፖርቱ አለቀ። ሃያ ሦስት ገጽ። ማጠቃለያው፦ ግንኙነቱ አይመሥረት። ደንባችን ጽሑፉ ከጉባኤው አስቀድሞ በእያንዳንዱ ተወካይ እጅ እንዲገባ ያዝዛል። ተባዝቶ ተላከ።

ማምሻውን መጋቢ ተድላ መጣ። አልቀለደም። ጽሑፉ ጠንካራ እንደሆነ፣ አንድም ሐሰት እንዳላገኘበት ነገረኝ። ኮቱን እየለበሰ ግን "ጋሽ ዱባለ፣ እዚህ ውስጥ ሰው የለም" አለኝ።

ምን ማለት ነው ብዬ ተቈጣሁ። ወዲያው ነገሩን አለሳለሰ። ክፍል አራት ላይ እንግዶችን ከማዕድ መከልከል የቆየ ልማዳችን ነው ብዬ ጽፌአለሁ፤ ቀን አልጠቀስሁም። ጉባኤው ላይ ቢጠይቁኝ እንዳልቸገር የአጥቢያችንን የቆየ ቃለ ጉባኤ ባየው ጥሩ ነው፣ አለ። ይህን ብቻ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

አየሁት።

በጥቅምት 2001 የሽማግሌዎች ጉባኤያችን ተቀምጦ ወስኖአል፦ "ከማናቸውም ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ እንግዳ በሁለት ሽማግሌዎች ሁለት ጥያቄ ተጠይቆ ወደ ማዕዱ ይቅረብ።" የሚከለክል ውሳኔ ከዚያ ወዲህ የለም። ጸሐፊው እኔ ነበርሁ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ፊርማው የእኔ ነው።

ረስቼው ነበር? ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያ እሑድ፣ እውነት ረስቼው ነበር?

ጥያቄዎቹን ገለበጥሁአቸው። አንደኛው፦ ለመዳንህ በኢየሱስ ክርስቶስ ብቻ ትታመናለህን? ሁለተኛው፦ ከወንድምህ ጋር በሰላም ነህን?

ሁለተኛውን እንዴት አድርጌ ልጠይቀው? በእኔ አፍ?

ኅዳር 27፣ ዓርብ

ሪፖርቱን እንደገና አነበብሁ። አሁን የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። ጉባኤው ግንኙነቱን እምቢ ካለ እኔ ትክክል ነበርሁ። እሺ ካለ ግን ወንድሜን በከንቱ አዋርጄ ሸኘሁት። ሃያ ሦስቱን ገጽ የጻፍሁት ለዚህ ነው። ለቤተ ክርስቲያን አይደለም። ለዚህ ነው።

ተበትኖአል። እንዴት ይሰበሰባል?

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሱሉልታ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሠላሳ አንድ ተወካዮች።

ተነሥቼ ተናገርሁ። ስለ ኢተፋ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ቃለ ጉባኤው። ሪፖርቱን የጻፍሁት ራሴን ነጻ ለማውጣት ስለሆነ ከአጀንዳ እንዲወጣልኝ ለመንሁ። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ወረቀታቸውን ያያሉ። የእኔን ወረቀት።

ሰብሳቢው በጨዋ አንደበት መለሱልኝ። "ኦቦ ዱባለ፣ የግል ሸክምዎን በጸሎት እናስበዋለን። ሪፖርቱ ግን በደንቡ መሠረት ቀርቦ የጉባኤው ሆኖአል። ጸሐፊው ቢያዝን ማስረጃው አይለወጥም።" እንደዚያ የሚናገሩት ከእኔ ተምረው ነው። የትምህርት ክፍል ተማሪዬ ነበሩ።

መጋቢ ተድላ ለግንኙነቱ ተከራከረ። ተቃዋሚዎቹ በየገጹ ቍጥር እየጠቀሱ መለሱለት። ገጽ ሰባት። ገጽ ዐሥራ አራት። ዐሥራ ዘጠኝ ለዐሥራ ሁለት፤ ግንኙነቱ አይመሠረትም።

ምሳ ላይ አንድ የሱሉልታ ሽማግሌ እጄን ጨብጦ "አንቱ እንኳ የራስዎን ጽሑፍ ሊረቱት አልቻሉም፤ እንዲህ ነው መጻፍ" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

በደንቡ ነጻ ወጣሁ። ዛሬም በጸሎት ሰዓት… ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረዥም። አልዞርሁም።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ሰበታ ሄድሁ። ወርቅቱ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። ከዐሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ግቢውን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው።

"ምነው ዱባለ፣ መንገድ ጠፍቶህ ነው ወይስ ሰው ሞቷል?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ሁሉንም ነገርኋት። የሁለቱን ጥያቄዎችም ነገር። እጇ ምስሩ ላይ አላቆመም። ኢተፋ ያን ዕለት ሲመለስ ምን እንዳለ ጠየቅኋት። አልነገራትም። ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ፤ ይኸው ነው።

"እኔ አልነበርኩም። ይቅርታህን ለእኔ ምን ታመጣዋለህ? ያየችው ፌኔት ናት" አለች። "ከዚያ ቀን ወዲህ ያንተንም የእኔንም ቤተ ክርስቲያን ረግጣ አታውቅም። በግድ ስወስዳት በር ላይ ታስታውካለች። ተውኳት።"

ይህን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፤ አላውቅም ነበር። ለማወቅስ መቼ ጠይቄ?

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ሆለታ። ፌኔት አበባ እርሻ ውስጥ ትሠራለች። በምሳ እረፍት በሩ ላይ ጠበቅኋት። ጓንቷን ሳታወልቅ ወጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የኢተፋ ግንባር።

"ሽማግሌ ዱባለ" አለችኝ። አጎቴ አላለችም። ጓደኞቿ ወደ እኛ ሲያዩ "ምንም አይደል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ሊያልፉ ነው" አለቻቸው።

ሊያልፉ ነው።

ቆሜ ተናገርሁ። ጥያቄዎቹ ምን እንደነበሩ ጠየቀችኝ። ሁለተኛውን ስትሰማ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ።

"እኮ፤ አባዬ የመጣው ሊታረቅዎት ነበር" አለች። "ሚኒባስ ውስጥ ነግሮኛል። 'ዱባለ ግትር ነው፤ ማዕድ ላይ ግን እምቢ አይለኝም' ብሎኛል።"

ይቅርታ ለመንኋት። ዝቅ ብዬ ለመንሁ።

"እኔ ብቻዬን ነው እንዴ ያየሁት? ቤት ሙሉ ሰው ፊት አድርገውት ለእኔ በር ላይ በሹክሹክታ ይነግሩኛል?"

ደወሉ ተደወለ። ገባች።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

መጋቢ ተድላን አማከርሁት። ጥር 4 የጌታ እራት አለን። ሳህኑን እንደማልይዝ፣ ከሽምግልናም እንደምወርድ፣ ከሁሉ በፊት ግን በምእመናኑ ፊት መናገር እንዳለብኝ ነገርሁት። የጉባኤው ውሳኔ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ይህን ማድረጌ እሱንም ሊያስጠይቀው እንደሚችል አስጠነቀቅሁት። "ይጠይቁኛ" አለ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያን ቀን ያስተዋለ ሰው አልነበረም ብዬ ነበር የማምነው። አንድ ሰው እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም። ረስተውት ከሆነ እንደ አዲስ ላስታውሳቸው ነው።

ጥር 4፣ እሑድ

ተናገርሁ።

ከመድረኩ በታች፣ በወለሉ ላይ ቆሜ። ጽሑፍ አልያዝሁም። ኢተፋ ወደ ማዕዱ የመቅረብ መብት እንደነበረው፣ የከለከለው ሥርዓት ሳይሆን የእኔ ቂም እንደሆነ፣ ይህንም ቂም ዐሥራ አንድ ዓመት ትምህርት እያልሁ እንደጠራሁት። አራት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ የመጨረሻው ረድፍ ሄጄ ተቀመጥሁ። ኅብስቱ ሲመጣ አላነሣሁም። የከለከለኝ የለም፤ ራሴ ነኝ።

ቀኑን በእናቷ በኩል ብልክባትም ፌኔት አልመጣችም። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም… ጠብቄ ነበር።

ከቡራኬው በኋላ በር ላይ ሰዎች ያዙኝ። ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። አንዷ ያን ቀን መዘምራኑ ጋ ቆማ እንደነበር ነገረችኝ። አየችው። አንዱ መስኮቱ ሥር ነበር። ቤቱ ሄዶ ምሳ አልበላም። ሌላዋ ልጇ "ያ ሰውዬ ምን አጠፋ?" ብሎ ጠይቋት መልስ አጥታለች። እያንዳንዱ የተቀመጠበትን ቦታ ያስታውሳል። አንድም ሰው አልረሳም። ለእኔ ብቻ ነው ያልተነገረው።

በመጨረሻ ኦቦ ኢቲቻ መጡ። ከገፈርሳ ማዶ የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ ጥቂት ተናጋሪ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"ሳህኑን ያሳለፉት ለእኔ ነው" አሉኝ። "አጠገቡ ነበርኩ። ቁራሼን ለሁለት ገምሼ በጎን ልሰጠው አሰብኩ። ፈራሁ።"

በጌታ ማዕድ ፊት መፍራት ኃጢአት እንዳልሆነ፣ እግዚአብሔርን መፍራት የአማኝ ወግ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርሁ። ልማዴ ነው። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"የለም፣ የለም። እኔ የፈራሁት አንቱን ነው።"

ከዚያ "ዛሬስ?" አልኋቸው።

ኦቦ ኢቲቻ ባርኔጣቸውን ደፉ።

"ዛሬማ ይኸው ነገርኩዎት" አሉኝ።