ያልተንኳኳው ሳህን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ ለወልደዮሐንስ፤

አባዬ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የጉመር ብርድ ከነቀምቴ ዝናብ ይሻላል ብለህ ነበር የሄድከው፤ እውነት ተሻለ? እማዬስ ዓይኗን ታከመች ወይስ አሁንም ነገ እያለች ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ካርዱም ያልቃል። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ፤ አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትቆጣ።

ሱቁን ሽጪና ነይ ባልከኝ መሠረት ገዢ አግኝቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ልንዋዋል ተቀጣጥረን ነበር። አልተዋዋልኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

መንገዱ በግጭቱ ተዘግቶ የነበረ ጊዜ ከእኛ ሱቅ ምን ይሸጥ እንደነበር ታስታውሳለህ። ገመድ፣ ጀሪካን፣ ያ ዚፑ ቶሎ የሚበጠስ ትልቅ ሻንጣ። ሳህን የሚገዛ ቢመጣ እንኳ አንዲት ብቻ ነበር፣ የተሰበረችውን ለመተካት። ሰው ሊሄድ ነው፣ እኛም እንሂድ ብለህ ሄድክ፤ አልተሳሳትክም። እኔ ቀረሁ። ግትርነቴ ከማን እንደመጣ እማዬን ጠይቃት።

ዘንድሮ ግን አባዬ፣ ጉድ ነው! ሻንጣው አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። ከመስከረም ወዲህ ሰው ሳህን የሚገዛው በደርዘን ነው። ትልልቅ ድስት፣ ፔርሙዝ፣ መጋረጃ ይጠይቁኛል። እኔ በእኛ ሱቅ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጫንያለው የሚባል፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ አለ፤ በየወሩ ዋጋ ሊጠይቅ ይመጣል። ቤተሰብ ለዕቃ የሚያወጣው ወጪ የአንድን አካባቢ ኑሮ ያሳያል፣ በሲሬና በቢላ ከተሞች ያሉ ነጋዴዎችም ሰው ሳህን በደርዘን እንደሚገዛ ነግረውኛል አለኝ። በሲሬ ያለችው እናት በቢላ ያለችውን አታውቃት፣ ማንም በሬዲዮ አላወጀ፣ ግን በአንድ ሰሞን ሁሉም ተነሥተው ለእንግዳ የሚሆን ሳህን ይገዛሉ! እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ለመሄድ አላሰበም ማለት ነው። ጫንያለው የአንድ ሰሞን ነገር ሊሆንም ይችላል ብሎ አስጠንቅቆኛል። ይሁን። አገር ሙሉ ልቡን ሲመልስ በእኛ ጠባብ በር ቆሜ አየሁ፤ እስካሁን ይደንቀኛል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት አዴ ዱረቲ ከዲጋ መጡ። ልጆቻቸውን ይዘው ሲሸሹ ገመድ ሊገዙ መጥተው፣ አንተ ሂሳብ አልቀበልም ያልካቸው ሴትዮ ናቸው። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ብለው ገቡና ወዲያው አባትሽ የት አለ አሉ። ቤታቸውን መልሰው ቆርቆሮ አልብሰዋል፤ ልጃቸውን ኡርጂን በጥር ሊድሩ ነው። አንድ ደርዘን የሸክላ ሳህን አወጣሁላቸው። ልጠቀልል ስል እጄን ያዙኝ። አባትሽ እያንዳንዱን በጥፍሩ አንኳኩቶ፣ እንዳልተሰነጠቀ ከድምፁ ሳይሰማ ሸጦልኝ አያውቅም፣ አንቺም አንኳኪ አሉኝ። አንኳኳሁ። እያንዳንዱ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። ምን እደብቅሃለሁ፣ አለቀስኩ። የመጨረሻዋን ሳነሣ ግን ተዪያት አሉ። ይህች የወልደዮሐንስ ናት፤ ራሱ አንኳኩቶ ለሠርጉ ይዟት ይምጣ፣ የሚበላው በእሷ ነው አሉኝ። የሁሉንም ከፍለው እሷን ትተዋት ሄዱ።

ከሰዓት ገዢው ሲመጣ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ተቆጣ፤ እውነቱን ነው። አባዬ፣ ለእኔ እንደምትፈራልኝ አውቃለሁ፤ እኔም አንዳንዴ እፈራለሁ። ግን ና፣ በዓይንህ እይ። አይተህም ሽጪ ካልክ እሸጣለሁ፤ ቃሌ ነው።

እማዬን፣ ዓይንሽን ካልታከምሽ ለሠርጉ የምገዛልሽን ነጠላ አታዪውም በልልኝ። ወንድሜን ማዘንጊያንና ሚስቱን የምሥራችን ሰላም በልልኝ፤ የትንሹን ልጃቸውን ጉንጭ ሳምልኝ። አክስቴ ሸዋገነትን ስለ ቅቤው አመስግንልኝ። አብራኝ የምትሠራው ሌንሳም ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች።

ሳህንህ ከባንኮኒው በላይ መደርደሪያው ላይ ናት። በየጠዋቱ አቧራዋን እጠርጋለሁ፤ አላንኳኳኋትም።

ልጅህ ንጋት ወልደዮሐንስ
ነቀምቴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.