«የጋራ» ብዬ የጻፍኩት ቃል

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። አልጋህን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ወስደዋል፤ ጉልበታቸው ከመሬት ፍራሽ ላይ አላስነሳ ብሏቸው ነበር። የግቢያችን በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። ያደረግኩትን ልነግርህ ነው፤ እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

አንተን ከቀበርን በኋላ ወደ አዲስ አበባ አልተመለስኩም። የግቢያችን ሰባቱ የቀበሌ ቤቶች ከሚበተኑ እዚያው ቦታ ላይ አብረው የሚኖሩበት ሕንጻ ይሠራላቸው ብዬ ፕላን ማውጣት ጀመርኩ። ከሁለት ፎቅ የማይበልጥ፣ ጀርባውን ለአዳማ ነፋስና አቧራ የሰጠ፣ ከአካባቢያችን ቀላል ቀይ ጠጠር በተሠራ ብሎኬት የሚገነባ። ጣሪያው የክረምቱን ዝናብ ወደ ታንከር ያወርዳል። በልጅነትህ የጠጣኸው የጉድጓድ ውሃ ጥርስህን እንዴት እንዳበለዘው አልረሳሁም።

የግቢውን ስፋት በምን እንደለካሁት ልንገርህ? በእድሩ ድንኳን። ለአንተ በተተከለው። ሦስቱን ቀን አንዱ ገመድ የኦቦ ገመቹ መስኮት ብረት ላይ ታስሮ ነበር፤ ቦታው አልበቃም። በእኔ ፕላን ላይ ከነገመዱ ይበቃል።

ከዚያ ማመልከቻ አዘጋጀሁ። አናቱ ላይ በገዛ እጄ «የጋራ መኖሪያ እንፈልጋለን» ብዬ ጻፍኩ። ሰባቱም ቤቶች ፈረሙ። እኔ «የጋራ» ስል አንድ ግቢ፣ አንድ ታንከር፣ አንድ ድንኳን ማለቴ ነበር። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ግን የጋራ መኖሪያ ማለት ኮንዶሚኒየም ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አውቃለሁ። በፕላኔ ፍቅር ስለወደቅኩ የገዛ ቃሌን አልሰማሁትም።

ባለፈው ሳምንት የስም ዝርዝር ተለጠፈ። ሰባታችንም ከተማው ዳር ባለ የኮንዶሚኒየም ሳይት፣ በየተለያየ ብሎክ ተመድበናል። እትዬ ዘነበች አራተኛ ፎቅ። ማመልከቻውን ወዳስገባሁበት መሥሪያ ቤት ሮጬ ሄድኩ። ኃላፊው ግቢያችን ድረስ መጥቶ ፕላኑን ያየ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል የጠየቀኝ፣ ጎበዝ ብሎኝ የሄደ ሰው ነው። ምን እንደጠየቅን አሳምሮ ያውቃል። ፋይሉን ከፈተና ጣቱን ጽሑፌ ላይ አሳረፈ። «እህቴ፣ የጋራ መኖሪያ ብላችሁ ጠየቃችሁ፤ የጋራ መኖሪያ ተሰጣችሁ» አለኝ። ፕላኔ ከማመልከቻው ሥር ነበር፤ ያሰርኩበት ክር እንኳ አልተፈታም። ከግድግዳ ጋር ትከራከራለች የምትለኝ ልጅህ ፋይሉን በገዛ እጄ ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ የባሰው ግን ግቢ ውስጥ ጠበቀኝ። እትዬ ዘነበች ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ልብስ እያሰጡ፣ ዞር ሳይሉ፣ «ኮንዶሚኒየም መሆኑማ ገብቶኝ ነበር። የእሱ ልጅ ይበጃል ካለች ብዬ ፈረምኩ» አሉኝ። ከዚያ ድንኳኑን እንግዲህ ደረጃው ላይ እንተክለዋለን ብለው ሳቁ። አባዬ፣ ገብቷቸው ነበር። አራተኛ ፎቅ እንደማይወጡ እያወቁ፣ አንተን አምነው ፈረሙልኝ።

የእድሩ ጸሐፊ ሳለህ ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብለህ ታነብና እያንዳንዱን ሰው ምን ገባህ፣ ምን ገባሽ እያልክ ትጠይቅ ነበር። ስብሰባው ስለሚረዝም በአንተ አፍር ነበር። አንተ ዘገምተኛ፣ እኔ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። አዲሱ ወረቀት ላይ «የጋራ» የሚል ቃል የለም። እዚሁ ቦታ ላይ፣ በአንድ ግቢ፣ ከጎረቤቶቻችን ሳንለያይ መኖር እንፈልጋለን ይላል። እኔ አነበብኩት፤ ኦቦ ገመቹ በአፋን ኦሮሞ ደገሙት። ከዚያ አንድ በአንድ ምን እንደገባቸው ጠየቅኳቸው። ጥግ ላይ ባለው ቤት የምትኖረው ነርስ ኮንዶሚኒየሙን እንደምትፈልግ ፊት ለፊት ነገረችኝ፤ የራሷ ሽንት ቤት ያለው ቤት ስትመኝ ኖራለች። በፕላኔ ላይ ለየቤቱ አለ ብላት አላመነችኝም። ተናደድኩ። ግን ምን ብዬ እመኑኝ እላለሁ? አልፈረመችም፤ ስድስት ቤት ሆነን ቀረን።

ሰኞ ወሰድኩት። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ጉዳዩ አልቋል አለችኝ። ገቢ ብላ ማህተም እስክትመታበት ድረስ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ አየኝና ዓይኑን ሰበረ።

ኃላፊው ለሐሙስ ቀጥሮናል። ፕላኑን ክሩን ፈትቼ ነው የምይዘው። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ እትዬ ዘነበች አይወጡም። እኛም ጥለናቸው አንወጣም። ደረጃው ሥር ቆመን እንጠብቃለን፤ እሱ ወርዶ ያናግረናል። ሕንጻው ይሠራ አይሠራ አላውቅም። አንተን ግን ሰው ፊት ወረቀት በዘረጋሁ ቁጥር፣ ከማስፈረሜ በፊት፣ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ